ሂድና ተቀመጥ

ሦስቱ ሽማግሌዎች አልቀመጥ አሉ።

የአብደላ ቤት ደግሞ መቀመጫ የሚቸግርበት ቤት አይደለም። «የበርጩማው አብደላ ጋ» ያለውን ሰው የሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባጃጅ ሹፌር ሁሉ ሌላ ምልክት ሳይጠይቅ በሩ ላይ ያወርደዋል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ እንደ እሱ አሳምሮ የሚሠራ የለም ይባላል፤ ሳሎኑም በየማዕዘኑ በሥራው የተሞላ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን በሩ አጠገብ ተደርድረው ቆመዋል። ደንቡ ነው። ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ መልስ ሳይሰጠው ከተቀመጠ ጥያቄውን ትቶታል ማለት ነው።

«ኧረ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ፣ በሰላም ነው?» አለ አብደላ። እሁድ ጠዋት በርጩማ ሊያዙ የመጡ መስሎታል።

«ቆመን እንናገር፤ የመጣንበት ጉዳይ ይቅደም» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ግማሹን ከተማ ስላስተማሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ተማሪ ይሆናል። «ቱርክ ተምሮ የመጣው የክርስትና ልጄ ፍሬዘር ልጅዎን ሩፈይዳን ለትዳር ፈልጓል።»

ሩፈይዳ ጓዳ ውስጥ ለእንግዶቹ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ የፍሬዘርን ስም ስትሰማ ልቧ መጀመሪያ ደስ ነው ያለው። ሳይጠራ ለዓመታት የተደበቀ ስም በአባቷ ሳሎን ውስጥ ጮክ ብሎ ሲጠራ ሰማች። ደስታው ግን ብርጭቆውን እስክታስቀምጥ እንኳ አልቆየም። የተደረገው ነገር ሲገባት ጆሮዋ እስኪግል ድረስ ተናደደች። ማን ጠየቃት? ማን አማከራት? ደግሞስ ከቀን ሁሉ ዛሬ?

ይህን «ዛሬ» ያልተረዳ ሰው ንዴቷን አይረዳውም።

ሩፈይዳና ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ አብረው ሥነ ሕንፃ የተማሩ ናቸው። እሱ የቦሳ አዲስ ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱ የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ፣ እናቱ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ቅዳሴ የማታጓድል። እሷ የሰቶ ሰመሮ ልጅ ነች፤ ከእንጨት ፍቅፋቂ መሀል ያደገች፣ ስግደቷን የማታጓድል። ሁለቱን ያገናኛቸው የስዕል ጠረጴዛ ነበር። ከተመረቁ በኋላ እሱ ቱርክ አገር ኢዝሚር ሄዶ የቤት ዕቃ ዲዛይን ተማረና ተመልሶ እዚሁ ጅማ መምህር ሆነ። ሲመለስ «አንቺም አመልክቺ፤ አንቺ ከኔ ትበልጫለሽ» ያላት እሱ ነው። ለዚህ ለዚህ ታመሰግነዋለች፤ ዛሬም ድረስ አልካደችውም።

አመለከተች። ትምህርት ቤቱ ላመለከቱት በኢንተርኔት ገለጻ ሲያደርግ አንዲት ቱርካዊት ሴት ከየአገሩ የገቡትን የውጭ ተማሪዎች ወንድና ሴት ለይታ በሰንጠረዥ አሳየች። ከኢንዶኔዥያ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጣሉ። ከናይጄሪያ እኩል ለእኩል ናቸው። ኢትዮጵያ ጋ ስትደርስ ወንድ ስድስት፣ ሴት ዜሮ። ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳትናገር ወደሚቀጥለው አገር አለፈች። እንዲህ ዝም ብላ ማለፏ ሩፈይዳን አናደዳት። ያችን ዜሮ ከነረድፏ ፎቶ አንስታ የስልኳ ፊት ላይ አደረገቻት፤ ስልኳን በከፈተች ቁጥር ዜሮዋ ታፈጥባታለች።

ነጻ የትምህርት ዕድሉን አገኘች። እስከ ዓርብ ድረስ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» ብላ መመለስ አለባት። የቀራት የአባቷ ፈቃድ ነበር። ሳይመርቃት ሾልካ መሄድ አያቅታትም፤ ግን የአባቷን ዱዓ ሳትይዝ ከጅማ አውቶቡስ መናኸሪያ እንኳ ማለፍ አትፈልግም። እሱ ደግሞ ለወራት «ሴት ልጅ ያለ ባል ባሕር ማዶ አትሄድም» ከማለት ፈቀቅ አላለም። አንዴማ ፍሬዘር እንደ ማንኛውም ደንበኛ መስሎ ወርክሾፑ ቆሞ ሳለ ይህንኑ ጮክ ብሎ ተናግሮታል።

ባለፈው ሐሙስ ግን አባቷን አጋሮ ወሰደችው። እዚያ የቡና መጋዘን ውስጥ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ቡና ይለቅማሉ፤ የሚቀመጡት የታጠፈ ጆንያ ላይ ነው። ሩፈይዳ ለእነሱ ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ያለ በርጩማ አውጥታላቸው ነበር፤ ወገብን እንዲያሳርፍ ብላ። አብደላ ሲደርስ ሴቶቹ «የኔ ተራ ነው፣ አንቺ ጠዋት ተቀምጠሽበታል» እየተባባሉ በበርጩማዎቹ ሲጣሉ አገኛቸው። ሳቁ አመለጠው። አንዱን ገልብጦ እግሮቹን ዳበሰ፣ መልሶ አቆመው፣ ራሱም ተቀመጠበት። ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ፣ የጅማ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ፣ ወደ መስኮቱ እያየ «እንግዲህ ኢንሻአላህ ትሄጃለሽ» አላት።

ይህን ለፍሬዘር በስልክ አልነገረችውም። ፊቱን እያየች ልትነግረው ለእሁድ ከሰዓት ቀጥራው ነበር። እሱ ግን እሁድ ጠዋት ሽማግሌ ላከባት።

ሳሎኑ ውስጥ አብደላ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከሽማግሌዎቹ ሦስተኛው ሐጂ ሀቢቡላህ፣ የገዛ መስጊዱ ሰው፣ የልጅነት ጓደኛው ናቸው። ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም።

«ልጄ ይህን ታውቃለች?» አለ አብደላ።

«ተስማምተው መስሎን ነው የመጣነው» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

«ሂዱ።»

«መልሱስ ምን ይሁን?»

«መልሱ ሂዱ ነው።»

ሩፈይዳ ጓዳው በር ላይ ቆማ አባቷን ከጀርባ አየችው። ትከሻው ወርዶ ነበር። በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ ያን ትከሻ ያወረደው ደግሞ የምትወደው ሰው ነው።

* * *

«ያ ትምህርት ቤት የእሱ ትምህርት ቤት ነው፤ አይደለም?» አላት አብደላ፣ ሰዎቹ እንደወጡ።

«ነው፤ ግን...»

«አጋሮ ድረስ የወሰድሽኝ ለዚህ ነው። ወንበርሽን ከፊት አስቀድመሽ ልጁን ከኋላ ደብቀሽ።»

«ወላሂ አባ፣ አላወቅኩም! ሽማግሌ ይልካል ብዬ አላሰብኩም!»

«መላኩን አላወቅሽም፤ ልጁንስ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም። «እሱን አውቀዋለሁ» አለች።

እናቷ መድና እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ያ ረቢ» አለች። አብደላ ግን አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ወርክሾፑን የምትከፍትበትን ቁልፍ ከማንጠልጠያው አንስቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አትሄጂም። ጨረስኩ።»

«ሐሙስ ዕለት ያየኸውን አላየሁም ልትል ነው? ሴቶቹ ሲጣሉበት አይተሃል! ራስህ ተቀምጠህበታል!»

«ያየሁትን አይቻለሁ። የሰማሁት ግን መጥቶ በላዩ ላይ ቆመበት። ከእንግዲህ ‹የአብደላ ልጅ ለትምህርት ሄደች› የሚል ሰው የለም። ‹ክርስቲያኑ መንገድ ከፍቶላት፣ አባቷን አታላ ሄደች› ነው የሚባለው። እኔን አታላ!»

«አንተስ? አንተም እንደዚያ ነው የምትለው?»

አብደላ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። መድና ልጇን ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ እየሳበች «ለጊዜው ዝም በዪ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፤ ይበርድለታል» አለቻት። ይቺ «ለጊዜው» ደግሞ ለብቻዋ አናደደቻት። ጊዜው ዓርብ ያልቃል! ዝም ብላ የምትጠብቀው የትኛው ጊዜ ነው? ክንዷን አስለቅቃ ክፍሏ ገባችና ስልኳን ከፈተች። ዜሮዋ እንደ ልማዷ አፈጠጠችባት።

* * *

ማክሰኞ ከሰዓት አዌቱ ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ጠበቀችው። ወንዙ የክረምት ጎርፍ ይዞ ደፍርሷል። ፍሬዘር ሸሚዙ ተጨማድዶ፣ እንቅልፍ ያላየ ዓይን ይዞ መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቷን ይበላት ነበር። ዛሬ ግን የእሱ ያልተኛ ዓይን ከእሷ ያልተኛ ዓይን በምን ይበልጣል?

«ሩፊ...»

«ሩፊ አትበለኝ።»

«ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ነገሩኝ። አባትሽ ‹ሂዱ› አሉ አሉኝ። ልቤ ተሰበረ።»

«ያንተ ልብ?» አለች። «ያንተ ልብ ነው የተሰበረው? ለመሆኑ ምን ነክቶህ ነው?»

«አባትሽ ‹ያለ ባል አትሄድም› ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዓርብ ደግሞ ደረሰብሽ። ባል ከሆነ የጎደለው እኔ አለሁ አልኩ። ጋብቻው ይታሰር፣ አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ ብዬ ነው። ላስቀርሽ አይደለም፤ እንድትሄጂ ብዬ!»

«ይህን ሁሉ ለማን አልከው? ለእኔ አልከኝ?»

ፍሬዘር ራሱን እያከከ ወደ ወንዙ አየ። «ሰርፕራይዝ ላደርግሽ...»

«ሽማግሌ ሰርፕራይዝ ይደረጋል?» ጮኸች። ድልድዩ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ዞር አሉ፤ ዞር ይበሉ። «የልደት ኬክ መሰለህ? አባቴ ሐሙስ ዕለት ፈቅዶልኝ ነበር! ሰማህ? ፈቅዶልኝ ነበር! በአፉ ‹ትሄጃለሽ› ብሎኛል። ወንበሬን አይቶ፣ ሥራዬን አይቶ፣ በራሴ አሳምኜው! እሁድ ፊትህን እያየሁ ልነግርህ ነበር።»

ፍሬዘር የሚይዘው አጥቶ የድልድዩን ምሰሶ ተደገፈ። «አላወቅኩም» አለ ቀስ ብሎ።

«አልጠየቅከኝም! አለማወቅና አለመጠየቅ ለየቅል ነው። ለእናትህስ ነግረሃታል? ለወይዘሮ ሸዋረገጥ የሙስሊም ልጅ ልጠይቅ ነው ብለሃታል?»

ፍሬዘር ጫማው ላይ የያዘውን ጭቃ ተመለከተ።

«አልነገርካትም። እሷን ፈራህ፤ የኔን አባት ግን አልፈራህም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ? የናትህን ቁጣ የምትቀበለው አንተ ነህ፣ የአባቴን ቁጣ ግን የምቀበለው እኔ ነኝ።»

«ሩፈይዳ፣ በአምላክ...»

«አልጨረስኩም። አንተ ኢዝሚር ስትሄድ ማን ተጠየቀ? ሚስት አምጣ ያለህ ሰው አለ? እናትህ ዳቦ ደፋችልህ፣ አባትህ በመኪና ሸኘህ፣ አለቀ። ያቺን ዜሮ እኮ ክፉ ሰው የጻፋት ይመስለኝ ነበር። ኤምባሲ ያለ አንድ ደረቅ ሰውዬ፣ ወይ ሴት አትማርም የሚል ሽማግሌ። ለካ የሚወዱን ናቸው! አንዱ ለደኅንነቷ ብሎ፣ አንዱ ለስሟ ብሎ፣ አንዱ አፈቀርኳት ብሎ፣ ሁሉም ከእሷ በስተቀር ሌላ ሰው እየጠየቀ። እንደ እኔ ስንቷ ተመልሳ ቁጭ እንዳለች ማን ያውቃል? ሰንጠረዡ ላይ አንቆጠርም፤ ዜሮ ነንና!»

እንባዋ መጣ፤ በመዳፏ ጠረገችው። ከንዴት የሚመጣ እንባ ስለምትጠላ ጠረጋው ራሱ ቁጣ ነበረው።

«ምን ላድርግ?» አለ ፍሬዘር። «ሥራዬን ልልቀቅ? ከተማውን ትቼ ልሂድ? የፈለግሽውን ንገሪኝና እተዋለሁ።»

«ምንም አትተውልኝ። ከወንዶቹ ረድፍ አንድ ሰው ቢቀነስ የሴቶቹ ረድፍ አይሞላም። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሂድና ተቀመጥ።»

«የት?»

«አባቴ ፊት። ሰዎችህ ቆመው የጠየቁትን አንተ ተቀምጠህ መልሰው።»

ፊቱ ላይ ያለው ደም ሲሸሽ አየችው። የጅማ ልጅ ነው፤ ትርጉሙን ለእሱ ማስረዳት አላስፈለገም።

«ተቀመጥኩ ማለት እኮ ተውኳት ማለት ነው» አለ። «በሰው ፊት!»

«የተጠየቅኩትም በሰው ፊት ነው።»

«የላኩትን ሽማግሌ ራሴ ላዋርድ? ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሁለተኛ ዓይኔን አያዩም። ደግሞስ... እወድሻለሁ እኮ። እንዴት አድርጌ ነው አልፈልጋትም የምለው?»

«አልፈልጋትም በል አላልኩህም። ሳልጠይቃት ጠየቅኳት በል። እውነቱን ብቻ ተናገር፤ እውነቱን ለመናገር መቀመጥ ካለብህ ትቀመጣለህ።»

«ባልችልስ?»

«ካልቻልክ እወቀው» አለች ሻርፗን እያስተካከለች፣ «እኔም እሁድን የተሸከምኩት ችዬ አይደለም።»

ድልድዩን ተሻግራ ሄደች። እንዲከተላት አልፈለገችም። ሳይከተላት ሲቀር ደግሞ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ ላይ ተናደደች፤ እንዲህ እየተናደደች ነው ቤቷ የደረሰችው።

* * *

ሮብም አልመጣም፤ ሐሙስም አልመጣም። በቴሌግራም ረጅም ደብዳቤ ላከላት። «በመጀመሪያው ዓመት እርሳስሽን ወስጄ ሳልመልስልሽ የቀረሁት ዳግመኛ እንድታናግሪኝ ብዬ ነበር» ይላል። «ኢዝሚር ባሕሩ ዳር ስቀመጥ አጠገቤ ክፍት ቦታ እተው ነበር፤ ያንቺ ነው» ይላል። ጥሩ ይጽፋል፤ መጻፍ መቼ ቸግሮት ያውቃል? ሩፈይዳ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ክፍት ቦታዋ ጋ ስትደርስ ተመልሳ አነበበችው። መልስ ግን አልሰጠችም። ክፍት ቦታ ከተወላት ለምን መጥታ እንድትቀመጥበት አልተዋትም?

አባቷም ደኅና አልነበረም። ሰላምታዋን ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ ግን ቃል አያወጣም። በርጩማ ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ዓይናቸውን ወደ ቤት ወርወር ያደርጋሉ። አንዱ ደፋር «እንኳን ደስ ያለህ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎት አብደላ የያዘውን መጥረቢያ መሬት ላይ ጥሎ ወጥቷል።

ዓርብ ከጁምዓ ስግደት በኋላ ሩፈይዳ የአባቷን ምሳ ይዛ ወደ ወርክሾፑ ሄደች። ሐጂ ሀቢቡላህ ከመስጊድ አብረውት መጥተው በር ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ከእሁድ ወዲህ ሁለቱ ጓደኛሞች የሚያወሩት ስለ ዝናብ ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ አንድ የዋንዛ ጉማጅ እያገላበጡ ነው። እሷ የሳህኑን ክዳን ስታነሳ መጥረቢያው ድንገት ቆመ። ቀና አለች።

ፍሬዘር በሩ ላይ ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ። ብቻውን ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ አብደላ» አለ።

አብደላ ግባም አላለው፣ ውጣም አላለው። ፍሬዘር ዓይኑን በወርክሾፑ ዙሪያ አዞረ። ከግድግዳው ሥር ከአጋሮ ሴቶች በርጩማዎች አንዱ ነበር፤ ለናሙና የቀረው። እሱን ስቦ መሀል ወለል ላይ አቆመውና፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ቁጭ አለ።

በርጩማው ለእሱ ቁመት አልተሠራም። ጉልበቱ አገጩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ የተተኮሰው ሱሪ ፍቅፋቂ ላይ ተዘረጋ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሊስቅ ብሎ የአብደላን ፊት ሲያይ ዋጠው። ሐጂ ሀቢቡላህ «ሱብሃነላህ» አሉ።

«ተቀመጥክ?» አለ አብደላ።

«ተቀመጥኩ።»

«ማንም ተቀመጥ ሳይልህ?»

«ማንም ሳይለኝ ነው። ከእርስዎ የምጠይቀው ነገር የለኝም፣ ጋሽ አብደላ። እሁድ ዕለት ሽማግሌ የላክሁት ሩፈይዳን ሳልጠይቃት ነው። አታውቅም ነበር። የትምህርቱን ዕድል ያገኘችው በሥራዋ ነው፤ እኔ ያደረግኩላት ነገር ቢኖር አመልክቺ ማለት ብቻ ነው። እርስዎ እንደፈቀዱላትም አላወቅኩም። እሷን መጠየቅ ሲገባኝ እርስዎን ጠየቅኩ፤ ሐጂንም በማያውቁት ነገር ከደጅዎ አቆምኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በእሷ ላይ አይቆጠር።»

«ልጄን በሰው ፊት ጠይቀህ፣ በሰው ፊት ልትጥላት መጣህ?» የአብደላ ድምፅ ከፍ አለ። «መጫወቻህ ናት?»

«አልጣልኳትም። እወዳታለሁ። እሷ ናት ሂድና ተቀመጥ ያለችኝ።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሩፈይዳ ዞረ። የሳህኑ ክዳን አሁንም እጇ ላይ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ለተቆጣች ልጅ እንኳ፣ ጉልበቱ አገጩን የነካ ሰው እያየች መቆጣት ቀላል አይደለም። ግን ተቆጣች። ለእሱም፣ ለአባቷም፣ ለሐጂውም የሚበቃ ቁጣ ነበራት።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች። «እሱም ሳይጠይቀኝ ጠየቀ፣ አንተም አባ ሳትጠይቀኝ ፈረድክ። ሐጂም ሳይጠይቁኝ ቆሙ። አሁን ሁላችሁም አላችሁ፤ እኔም አለሁ። ጠይቁኝ!»

አብደላ ልጁን ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ ፍሬዘርን፤ ከዚያ ከፍሬዘር ሥር ያለውን በርጩማ። የአንድ ጎረምሳ ክብር እዚያ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ቁጭ ብሎ ነበር። እሱ ወንበር ይሠራል እንጂ እንዲህ ያለ መቀመጥ አይቶ አያውቅም።

«በእሱ ምክንያት ነው የምትሄጂው?» አላት በመጨረሻ።

«አይደለም።»

«ለምንድነው?»

«ይህን የተቀመጠበትን ወንበር የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ። ከዚህ የተሻለ መሥራት ስለምፈልግ። ሌላ ምንም የለውም፣ አባ። ለአንተ በቂ ካልሆነ ምን ልጨምርልህ?»

አብደላ ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ። ቁልፉን አውጥቶ ከምሳው አጠገብ አስቀመጠው።

«ይሄ ልጅ ስለ ልጄ ስም ብሎ በሰው ፊት ከተቀመጠ» አለ ወደ ሐጂው እያየ፣ «እኔ ምን ብዬ ነው ቆሜ የምቀረው?» ከዚያ ወደ እሷ ዞረና፣ ዓይኖቹ እርጥበት ይዘው፣ ድምፁን ግን እንደ ተቆጣ ሰው ሻካራ አድርጎ ቀጠለ። «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ሰዎቹ መልስሽን እየጠበቁ አይደለም? ምን ገትሮሻል?»

ስልኳን አውጥታ የመልስ ቅጹን ከፈተች። ስም ጻፊ አላት፤ ጻፈች። አገር አላት፤ ኢትዮጵያ አለች። ጾታ አላት፤ ሴት የሚለውን በአውራ ጣቷ ስትነካ የስልኩን መስታወት የምትሰብር ይመስል አጥብቃ ተጫነችው። ላከችው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አብደላ። መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላት። ሐጂ ሀቢቡላህ «አሚን» ሲሉ ሠራተኞቹም «አሚን» አሉ፤ ፍሬዘርም ከበርጩማው ላይ ቀስ ብሎ «አሜን» አለ። ሩፈይዳ ስትሰማው መጀመሪያ ካየችው ቀን ጀምሮ እንደዚህች ሰዓት ወድዳው እንደማታውቅ ገባት። ንዴቷ ደግሞ አልለቀቃትም። ሁለቱም አብረው ደረቷ ውስጥ ተጋፉ።

ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። አባቷ ይሰማል፤ ይስማ። ከእንግዲህ ጓዳ ሆና የምታወራው ነገር የለም።

«ፍሬዘር።»

«አቤት።»

«ስመለስ ልትጠይቀኝ ከፈለግክ ሽማግሌ አትላክ። አስቀድመህ ለናትህ ንገራት። ከዚያ ራስህ ና። ቆመህ ጠይቀኝ። እሺ እልሃለሁ አላልኩም፤ ሃይማኖቱም አለ፣ አባቴም አለ፣ እኔም ገና ተናድጃለሁ። ጠይቀኝ ብቻ ነው ያልኩት።»

«አስተግፊሩላህ!» አለ አብደላ፤ መጥረቢያውን አንስቶ ፊቱን ወደ ግንዱ አዞረ። ግን ውጣ አላለውም።

ፍሬዘር ከዝቅተኛው በርጩማ ላይ ለመነሳት ተቸገረ፤ ፍቅፋቂው ከሱሪው ላይ ረገፈ። ልትመለስ ገና ዓመታት ቀርተዋታል፤ እንዲያውም ገና አልሄደችም። እሱ ግን እዚያው፣ ሁሉም እያዩት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።